የበጋው ሣርና የወደቡ መንገድ

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድና የባቡር መስመር ተዘግተው ነበር። የዘጉት፣ አፋሮች ገዳማይቱ፣ ሶማሌዎች ገርባ ኢሳ በሚሏት ከተማ ላይ ጥቃት ደረሰ በመባሉ የተቆጡ የሶማሌ ክልል ነዋሪዎች ናቸው። አገሪቱ በሰሜኑ ጦርነት ተወጥራ ስለነበር ነገሩ የሚገባውን ያህል ሳይነገርለት አለፈ። የራሷ የባሕር በር ለሌላትና ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና የወጪ ንግዷ በጅቡቲ በኩል ለሚያልፍ አገር ግን ከዚህ የከበደ የደኅንነት ጉዳይ ብዙ የለም። ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ፣ በክፉ ቀን የሚመጣው የዕርዳታ ስንዴ ሳይቀር የሚገባው በዚያው ነው።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ የለመድናቸው ማብራሪያዎች አሉ፤ የጎሳ ግጭት፣ የክልል ወሰን ውዝግብ፣ የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች እጅ። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። ከሦስቱም ቀድሞ የነበረ፣ ሦስቱንም የሚያቀጣጥል አንድ ጉዳይ ግን ይዘለላል፤ የአዋሽ ዳር የበጋ ሣር። ድርቅ ብቻውን ሰውን ከሰው አያጋድልም፣ መንግሥትም አይጥልም። ቆላው ድርቅን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሲመጣ የት እንደሚሸሽም ያውቃል። ነገሩ ወደ ጠመንጃ የሚዞረው መሸሻው ሲያልቅ ነው። ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት በአዋሽ ሸለቆ የሆነውም ይኸው ነው፤ መሸሻው በየዘመኑ እየተቆረሰ አለቀ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ጨመረ።

አዋሽ ከአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። የአፋር አርብቶ አደር ኑሮ በዚህ ወንዝና በዙሪያው ባለው በረሃማ ሜዳ መካከል የተዘረጋ ምልልስ ነበር። አፋሮች ካርማ የሚሉት የክረምት ዝናብ ሲጥል ከወንዙ ርቆ ያለው ሜዳ፣ ለምሳሌ የአሌደጊ ሜዳ፣ ሣር ያበቅላል፤ መንጋው ወደዚያ ይወጣል። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ሲደርቅ መንጋው ወደ ወንዙ ይመለሳል። በክረምት ሞልቶ የፈሰሰው ውኃ ያጠጣው የወንዝ ዳር በበጋ ለምለም ሆኖ ይጠብቀዋል። የትኛው ጎሳ በየትኛው ወር የት እንደሚውል ደንብ አለው። የት እንደዘነበ፣ የት ጠላት እንደታየ፣ የት በሽታ እንደገባ ደግሞ በዳጉ ይሰማል፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ የሚለዋወጠው ወሬ ሰውንም ከብትንም ያድናል።

ካርታ ላይ ሲታይ የወንዙ ዳር ቀጭን ሰርጥ ነው፤ ሜዳው ደግሞ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ከወንዙ ዳር ጥቂት ለጥጥ ቢወሰድ ለአርብቶ አደሩ ብዙ የሚቀርለት ይመስላል። ይህ ስሌት ከሥሩ የተሳሳተ ነው። የመንጋን ልክ የሚወስነው ክረምት ላይ የሚገኘው ሣር ሳይሆን በክፉዎቹ የበጋ ወራት የሚገኘው ነው። የበጋው ቦታ ከተወሰደ፣ የክረምቱ ሜዳ ምንም ያህል ቢሰፋ የሚግጠው ከብት ከበጋው በሕይወት አይወጣም። ከወንዙ ዳር አንድ ሄክታር የወሰደ ሰው ከሜዳው ላይ ብዙ ሄክታር ዋጋ ቢስ አደረገ ማለት ነው። በቆላው የተሠራው የልማት ታሪክ ይህን አንድ ነገር ባለማየት የተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በላይኛው አዋሽ የመተሐራ ስኳር፣ በመካከለኛው የአሚባራ አካባቢ እርሻዎች፣ በታችኛው የተንዳሆ ጥጥ፣ በመካከሉ ደግሞ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መጡ። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲታይ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነው። ስኳር ያስፈልጋል፣ ጥጥ ያስፈልጋል፣ የዱር እንስሳም መጠበቅ አለበት። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን የከረዩ ኦሮሞውና የአፋሩ አርብቶ አደር በበጋ የሚወርድበትን ዳርቻ ከላይ እስከ ታች ቆራረጡት። ግድቡም የወንዙን የክረምት ሙላት ስለገታ፣ ያልታረሰው ዳርቻ ሳይቀር እንደ ድሮው በውኃ መጥገቡ ቀረ።

በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ ሒሳቡ ተወራረደ። ወሎ ስንል ብዙ ጊዜ የሚታየን የደጋው ገበሬ ነው፤ በጊዜው የወሎ ጠቅላይ ግዛት አካል የነበረው የአፋር ቆላ ግን ከሁሉ በፊትና ከሁሉ በከፋ ከተመቱት አንዱ ነበር። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ የወሎን ረሃብ በዝርዝር መርምሯል። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የእህሉ ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያ ዋጋው ሰማይ አልነካም፤ ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የወጣ እህልም ነበር። ሕዝቡ የሚገዛበት ስላጣ ገበያው እህል አልጠራም። አርብቶ አደሩ ላይ ያየው ደግሞ እጥፍ ድርብ ነው። ከብቱ የድርቅ መሸሻውን በእርሻዎቹ ስለተነጠቀ አለቀ፤ የተረፈው ከሳ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ለመሸጥ ስለወጣ ዋጋው ወደቀ። አፋር ከወተቱ ጋር እህል ገዝቶ የሚበላ ሕዝብ ነው። አንዲት ላም ትገዛ የነበረው እህል ሲያንስ፣ ከብቱ ያልሞተበትም ሰው ተራበ።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በገጠሩ ለረሃብ መጋለጥ ላይ ባካሄዱት ሰፊ ጥናት ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል፤ ረሃብን የሚያመጣው የዝናብ መቅረት ሳይሆን ገበሬውን ሁልጊዜ ጠርዝ ላይ የሚያኖረው ሥርዓት ነው። መንግሥቱ በበኩሉ ነገሩን ደበቀው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው የወሎ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር አቀናብሮ ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ንጉሡን ያወረደው ረሃቡ ብቻ አልነበረም። የነገሌ ወታደሮች አድማ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች ጥያቄ፣ የተማሪው የዓመታት ትግል ነበሩበት። ግን በዚያች ማታ ለዙፋኑ የሚከራከርለት ሰው እንዲጠፋ ያደረገው ወሎ ነው። ያን ሁሉ ጦር፣ ያን ሁሉ ፖሊስ የያዘ መንግሥት በማያስበው በኩል ተመታ።

ከዚያ የመጡት መንግሥታት ከዚህ ምን ተማሩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ደርግ በረሃቡ ምክንያት የተቋቋመውን የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ይዞ ቀጠለ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የወንዙን ዳር ግን አልመለሰም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እርሻዎቹን ከግለሰብና ከኩባንያ ወደ መንግሥት አዛወራቸው፤ አርብቶ አደሩ ዘንድ የደረሰው የባለቤት ለውጥ ብቻ ነበር። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህ በዚያው ዓመት ከደርግ ጋር ተጣልተው ተሰደዱ፣ ተከታዮቻቸውም የአፋር ነጻነት ግንባርን ይዘው ጫካ ገቡ። የተንዳሆ እርሻና የአሰብ መንገድ የግጭት ሜዳ ሆኑ። ወደቡ ያን ጊዜ አሰብ ነበር፤ የመንገዱ ዕጣ ከወንዙ ዳር ዕጣ ጋር መቆራኘቱ ከያኔ ጀምሮ ነው።

በ1970ዎቹ ሌላ እንግዳ መጣ። በረሃማነትን ለመከላከል፣ አፈር እንዲይዝና ጥላ እንዲሆን ተብሎ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባል ከላቲን አሜሪካ የመጣ ዛፍ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ዛፉ ድርቅ አይፈራም፤ ሥሩ ከሌላው ዛፍ ጠልቆ ውኃ ይደርሳል፤ ሲቆርጡት እንደገና ያቆጠቁጣል። ከብትና ፍየል ጣፋጩን ፍሬ ይበሉታል፤ ዘሩ በሆዳቸው ውስጥ ሳይሞት አልፎ ከፋንድያ ጋር፣ ማዳበሪያው ተጨምሮለት፣ አዲስ ቦታ ላይ ይወድቃል። ጎርፍም ተሸክሞት ይወርዳል። እሾሁ የከብት ኮቴና የሰው እግር ይወጋል፤ ከሥሩ ሣር አይበቅልም። ዛሬ በአፋር የያዘው ቦታ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር ይበልጣል፤ የሚመርጠውም በትክክል አርብቶ አደሩ የሚመርጠውን ነው፤ እርጥበት ያለውን የወንዝ ዳርና ጥሩውን የግጦሽ ሜዳ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከመንግሥት እርሻዎቹ የተወሰነው መሬት ለአፋር ጎሳዎች ተመልሶ ነበር። ይህ ትልቅ ፍትሕ መሆን ይገባው ነበር። ግን የተመለሰው መሬት በመስኖ ቦይ የተቦዳደሰ፣ በብዙ ቦታ ጨው የያዘው፣ የሚያርሰውም የሚግጠውም ያጣ ሜዳ ስለነበረ ቶሎ የወረሰው ይኸው ዛፍ ነው። መሬት ከመመለስ በፊት ወይም አብሮ ሣሩን የሚመልስ ሥራ ካልተሠራ የይዞታ ወረቀትን ላም አትበላውም። ያን ጊዜ ይህ ሥራ አልተሠራም፤ ጠባሳውን ዛሬም እያየነው ነው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ተንዳሆና ከሰም ላይ ግድቦች ተገንብተው በአስር ሺዎች ሄክታር የሚቆጠር ሸንኮራ ታቀደ።

እስካሁን ያወራሁት ከአፋር በኩል ነው። ከወንዙ ምሥራቅ ያለው የኢሳ ሶማሌ ታሪክም በዚያው ሚዛን መታየት አለበት። የኢሳ አገር ከአፋርም የደረቀ ነው፤ አዋሽን የሚያህል ወንዝ የለውም። ዝናብ በራቀ ቁጥር የኢሳ መንጋ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዋሽ ማዞሩ የተንኮል ውጤት አይደለም፤ ከብት ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ድሮ በድርቅ ዓመት ሁለቱ ሕዝቦች ሲጋጩም ሲደራደሩም ኖረዋል። ኢሳዎች ሔር ኢሴ የሚባል ጥልቅ የቃል ሕግ አላቸው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። አፋሮችም የራሳቸው መደአ አላቸው። የደም ካሣ፣ የከብት ማስመለስ፣ የሽማግሌ እርቅ በሁለቱም ወገን የታወቀ ሥርዓት ነው።

ይህን ሥርዓት ሦስት ነገሮች ተደራርበው ሰበሩት። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የነበረው የሶማሊያ ጦርነት፣ ኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ የዚያድ ባሬና የደርግ መንግሥታት መውደቅ አካባቢውን በክላሽ አጥለቀለቁት፤ በጦርና ጊሌ በሚባለው የአፋር ጩቤ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰው የሚሞትበት ግጭት በአስር የሚሞትበት ሆነ። የወንዙ ዳር እያነሰ በመሄዱ ሁለቱም የሚሸሹበት ቦታ አንድና ያው ጠባብ ሆነ። ከሁሉም በላይ የከፋው ግን በፌዴራሉ ሥርዓት የመጣው የወሰን መስመር ነው። ቀድሞ የግጦሽ ጉዞ የነበረው የክልል የግዛት ጥያቄ ሆነ። ኢሳው ላሙን ይዞ ተሻግሮ ቢሰፍር አፋሩ የሚያየው የሚሰደድ ጎረቤት ሳይሆን ነገ ቀበሌ የሚጠይቅ ባለይዞታ ነው። አፋሩ ቢከለክል ኢሳው የሚያየው ሣሩን የሚቆጥብ ባለአገር ሳይሆን ዜግነቱን የሚነጥቀው ክልል ነው። የዳጉ ወሬም ያን ጊዜ ስለ ዝናብ መሆኑ ይቀራል።

አዳይቱ፣ ኡንዱፎና ገዳማይቱ የሚባሉት ሦስት ቀበሌዎች የዚህ መስመር ቁስሎች ናቸው። ሦስቱም የሚገኙት በዋናው የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት በአፋር ክልል ሥር ልዩ ቀበሌዎች እንዲሆኑ ተወሰነ፤ በ2011 ዓ.ም. የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሞተው ሰውና የተፈናቀለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ቀበሌዎቹ የግጦሽ ብቻ ጉዳይ አይደሉም፤ የሻይ ቤት፣ የከሰል፣ የጫት፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ገበያም ናቸው። ይህንን የሚያነሡ ሰዎች ልክ ናቸው። ግን ከብቱ ያለቀበት ወጣት መንገድ ዳር ወርዶ ከሰል ቢሸጥ ወይም ጠመንጃ ቢያነግት ነገሩ ከሣሩ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት አይቻልም። መንገዱ የመጨረሻው መሸሻ ሆኗል።

አሁን በዚህ ሁሉ ላይ የአየር ንብረቱ ለውጥ እየመጣ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። ቦረና በገዳ ሥርዓት፣ በቱላ ጉድጓዶቹ፣ በቡሳ ጎኖፋ መረዳዳት የታወቀ ሕዝብ ነው፤ እነዚህ ሁሉ እያሉ መንጋው አለቀ። የዓለም የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ትንተና ሰው ሠራሹ ሙቀት እንዲህ ያለውን የእርሻና የግጦሽ ድርቅ የመከሰት ዕድል መቶ እጥፍ ያህል እንዳሳደገው ገምቷል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም። ምድር ስትሞቅ የወረደው ዝናብ ቶሎ ይተናል፤ ያው ዝናብ ድሮ ያበቅል የነበረውን ሣር አያበቅልም። በቀዝቃዛው ዘመን መለስተኛ እጥረት የነበረው ዓመት ዛሬ ድርቅ ነው። ጥናቱ አፋርን አልሸፈነም፤ የሙቀቱ ሕግ ግን ለአዋሽም ያው ነው።

ሌላው ፊቱ ጎርፍ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። የቆቃ ግድብ ከደጋው እርሻ በታጠበ አፈር ከመያዝ አቅሙ ብዙ አጥቷል፤ ክረምቱ ሲከብድ ውኃው መለቀቅ ግድ ይሆናል። በዚህ መልኩ የታችኛው አዋሽ ሰው በበጋ የሚፈልገውን ውኃ እርሻው ይወስድበታል፣ በክረምት የማይፈልገው ውኃ ባንድ ሌሊት ይወርድበታል። የሸዋ ገበሬ ተዳፋቱን ሲያርስ የሚያጣው አፈርና የአውሳ ቤተሰብ ጎርፍ የሚወስድበት ጎጆ አንድ ሰንሰለት ናቸው። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ከ1950ዎቹ ወዲህ ከጥቂት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ40 በላይ ደርሷል፤ በምድር ውስጥ ባለው የውኃ ግፊት፣ ከመስኖውም በሚሰርገው ውኃ የተነሣ ሲያድግ የከረዩን ግጦሽ፣ የሸንኮራውን ማሳ፣ መንገዱንና የድሮውን ሐዲድ እየገፋ መጣ። ውኃ ያጣው አገርና ውኃ የሚያጠፋው አገር አንድ ወረዳ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን የዳርፉርን እልቂት ከዝናብ ማነስ ጋር አያይዘው ሲጽፉ ብዙ ሱዳናውያንና ተመራማሪዎች ተቃወሙ፤ መንደር ያቃጠሉትን ታጣቂዎች ያስታጠቀ መንግሥት እያለ ተጠያቂው ደመና ሆኖ እንዳይቀር ፈሩ። ፍርሃቱ ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ደግሞ ኒጀርና አየርላንድ የአየር ንብረት ለውጥን በጸጥታው ምክር ቤት የግጭት መከላከል ሥራ ውስጥ ለማስገባት ያቀረቡት ረቂቅ 12 ድምፅ አግኝቶ ሩሲያ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ ጣለችው፤ ህንድም ተቃወመች፣ ቻይና ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። የተቃዋሚዎቹን ዓላማ ባልጋራም፣ የድርቅ ጉዳይ በጦር አዛዦች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ከተቀመጠ የሚሰጠው መልስ ወታደር እንደሚሆን ግልጽ ነው። በአዋሽም እስካሁን የተሰጠው ዋና መልስ ልዩ ኃይልና የፌዴራል ፖሊስ ነበር። ኬላ ግጭት ያቆማል፤ ሣር አያበቅልም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ከሌሎች አገሮች ሰነድ የሚለየው ዋናውን ስጋት ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ ከድህነትና ከመልካም አስተዳደር እጦት ማየቱ ነበር። በዚህ ልክ ነበር። ግን ድህነትን የሚያጠፋው ልማት ራሱ፣ ቦታው ካልታየ፣ ስጋት ሊፈጥር እንደሚችል ቦታ አልሰጠውም። የተንዳሆ ሸንኮራና የጅቡቲ መንገድ በሁለት መሥሪያ ቤት የሚታዩ ጉዳዮች ሆነው ቀሩ። ወደ ጅቡቲ የሚወስደን የመኪና መንገድ በአፋር፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ በጋላፊ ይወጣል፤ የባቡሩ መስመር ደግሞ በሶማሌ ክልል፣ በኢሳ አገር አልፎ በደወሌ ይወጣል። ሁለቱ በሮቻችን የሚያልፉት በሁለቱ ተጋጪዎች ግቢ ነው። ድርቅ ሲብስ ግጭት ይብሳል፤ ግጭት ሲብስ መንገድ ይዘጋል፤ መንገድ ሲዘጋ ለዚያው ድርቅ የሚመጣው ስንዴ ወደብ ላይ ይቆማል። ለዚህ የውጭ ጠላት አያስፈልግም።

በዚሁ መንገድ ዳር ሌላ ሰልፍ አለ። ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ የተነሡ ወጣቶች የጅቡቲን ሙቀት በእግራቸው አቋርጠው ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ። ሁሉንም ያሰደዳቸው ድርቅ ነው አልልም። መሬቱ በየትውልዱ ተቆራርሶ የማይበቃ ሲሆን፣ በልጉ ሲቀር፣ አባት በሬ ሸጦ ደላላ ሲከፍል ግን ወንዝ ዳር ያየነው ነገር በደጋ መልክ ይደገማል፤ መሸሻው ከአገር ውጪ ይሆናል።

የሚደረገው ምንድን ነው? የክልል ወሰኑን ጥያቄ በካርታ ብቻ ለመፍታት የሚሞክር ሁሉ ይከሽፋል ብዬ አምናለሁ። መስመሩ የትም ቢሰመር መንጋው ይሻገረዋል። መለየት ያለበት የመሬቱ አስተዳደር ከመንጋው የመተላለፍ መብት ነው፤ ኢሳው በድርቅ ዓመት ለተወሰኑ ወራት በተወሰነ ኮሪደር ገብቶ እንዲወጣ፣ መግባቱ የይዞታ ጥያቄ እንዳይሆን፣ መውጣቱም በሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች እንዲረጋገጥ። ይህ ሔር ኢሴም መደአም የሚያውቁት ነገር ነው። የጎደለው የክልል መንግሥታቱ ፊርማና ፊርማውን የሚያከብር ትዕግሥት ነው። ከዚህ ጋር ከግድቦቹ የሚለቀቀው ውኃ ሲታቀድ ሸንኮራና መብራት ብቻ ሳይሆን የግጦሽ ዳርቻውም እንደ አንድ ተጠቃሚ መቆጠር አለበት። ፕሮሶፒስ የያዘውን ሁሉ ማጽዳት አይቻልም፤ ለበጋ መሸሻ የሚሆኑትን ቦታዎች መርጦ አጽድቶ ሣር ማልበስና በጎሳው ጥበቃ ሥር ማዋል ግን ይቻላል።

አስቸጋሪው ጊዜው ነው። ዕርዳታ የሚመጣው ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሌላ መንገድ እንዳለ ግን በአገራችን ታይቷል። በ1998 ዓ.ም. ድርቅ በሞያሌ ወረዳ መንግሥትና ረድኤት ድርጅቶች ነጋዴዎችን ከአርብቶ አደሩ ጋር አገናኝተው ወደ 20,000 የሚጠጉ ከብቶች ሳይሞቱ ተሸጡ። ቤተሰቡ በገንዘቡ እህል ገዛ፣ ለቀሩት ከብቶች መኖና የመኪና ኪራይ ከፈለ። ኋላ የተሠራው ጥናት ለዚህ ከወጣው ከእያንዳንዱ ብር 41 ብር ጥቅም እንደተገኘ አስልቷል። በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ በቦረና የተጀመረው የከብት ኢንሹራንስም በሳተላይት የሚታየው የሣር ልምላሜ ከልኩ ሲወርድ ክፍያ ይፈጽማል፤ የከብቱን ሬሳ ማሳየት አይጠይቅም።

ይህን በአዋሽ ለመድገም ግን የቀን መቁጠሪያው እንቅፋት ነው። በአፋር ሱጉም የሚባለው የበልግ ዝናብ መክሸፉ የሚታወቀው ሚያዝያ ላይ ነው። ከብቱ ገና ሥጋ አለው፣ ዋጋው ገና አልወደቀም፣ ወደ ወንዙ የሚደረገው ግፊያ ገና አልጀመረም፤ ለመግዛትም ለማስታረቅም የሚመቸው ሚያዝያና ግንቦት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ግንቦት ላይ የወረዳው ካዝና ባዶ ነው፣ አዲሱ በጀት ተፈቅዶ እስኪወርድ ነሐሴ ይሆናል። ካርማም ከከሸፈ ያን ጊዜ መንጋው አዋሽ ዳር ደርሷል፣ ጠመንጃውም አብሮት። ከበጀት ዓመቱ ውጭ የሚንቀሳቀስ፣ የሣሩ ልምላሜ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ማንንም ሳይጠይቅ ለወረዳው የሚለቀቅ ቋሚ ገንዘብ ያስፈልጋል። ወጪው በገንዘብና በግብርና መሥሪያ ቤቶች በኩል ብቻ መያዝ የለበትም፤ የወደቡ መንገድ ጥበቃ ከሚያዝበት ከመከላከያና ከትራንስፖርት በጀትም ቢዋጣ የሚያስጠብቀው ያንኑ መንገድ ነው።